ሚስቱን ከባርኔጣ ያልለየው ሰው፤ ስለ አንድ የዘመናችን ኦፔራ

ባለፈው ዓመት፥ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፥ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪያችን ወደ ክፍላችን ገብተው በሰሌዳው ላይ የአንድ ኦፔራ ርእስ ጻፉ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሚስቱን ባርኔጣ መስላው የተሳሳተው ሰው» ማለት ነው። ይህን ስናነብ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አውካካ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁትም እኔ ነበርሁ። አስተማሪያችን አልተቈጡም፤ «ሳቃችሁን ጨርሱና እንስማ» አሉና ማጫወቻውን ከፈቱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኦፔራው ሲፈጸም ግን ከመካከላችን የሚስቅ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ያ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። እኔ በተለይ ለምን እንዳፈርሁበት ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

አስቀድሜ ግን ኦፔራ ምን እንደ ሆነ ላልለመዱት አንባብያን ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ኦፔራ ማለት ተዋናዮቹ ቃላቸውን በንግግር ሳይሆን በዜማ የሚያሰሙበትና የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚያጅቡት ቴአትር ነው። የተወለደው በኢጣልያ አገር በ1600 ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከቀደሙት ኦፔራዎች መካከል ታላቅ ዝና ያተረፈው ክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ በ1607 በማንቱዋ ከተማ ያቀረበው «ኦርፌዎ» ነው። ታሪኩ ከጥንት ግሪኮች ተረት የተወሰደ ሲሆን፥ አንድ ዘፋኝ የሞተች ሚስቱን ከሙታን አገር ሊያወጣ ሄዶ፥ «ዞረህ አትያት» የተባለውን ትእዛዝ በመጣሱ መልሶ እንዳጣት ይናገራል። ኦርፌዎ ሚስቱን ያጣት ስላያት ነው። እኔ የምጽፍለት ሰው ደግሞ ሚስቱን እያያት ማን እንደ ሆነች አያውቅም።

ይህ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1986 በጥቅምት ወር በሎንዶን ከተማ፥ በዘመናዊ ጥበባት ተቋም ውስጥ ነው። የሙዚቃው ደራሲ በ1944 የተወለደው እንግሊዛዊው ማይክል ናይማን ነው፤ የሚዜመውን ቃል ያዘጋጀው ክሪስቶፈር ሮውለንስ ነው። ታሪኩ ግን ልብ ወለድ አይደለም። በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ኦሊቨር ሳክስ፥ ሊታከም የመጣን አንድ ሰው እንዴት እንደ መረመረው የጻፈው ታሪክ ነው። ሳክስ ይህንንና ሌሎች መሰል ታሪኮችን ሰብስቦ በ1985 በመጽሐፍ አውጥቷል፤ የኦፔራውም ስም የተወሰደው ከዚሁ መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ አዲስነቱ ከዚህ ይጀምራል። የዱሮ ኦፔራዎች ስለ ነገሥታት፥ ስለ አማልክትና ስለ ጀግኖች ሲዘምሩ፥ ይህ የሚዘምረው ስለ አንድ የሕክምና ምርመራ ነው። በብዙ ኦፔራ የምናየው የመዘምራን ጭፍራና ታላቁ ኦርኬስትራ በዚህ የለም። ዘፋኞቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሐኪሙ፥ በሽተኛው ዶክተር ፒ፥ ባለቤቱም ወይዘሮ ፒ። የሚያጅቧቸው መሣሪያዎች ሰባት ናቸው፤ ሁለት ቫዮሊን፥ አንድ ቪዮላ፥ ሁለት ቼሎ፥ አንድ ሃርፕና አንድ ፒያኖ። ጠቅላላ ርዝመቱም አንድ ሰዓት ያህል ነው። የናይማን ሙዚቃ አንዲት አጭር ሐረግ ወስዶ፥ ጥቂት ጥቂት እየለወጠ፥ ደጋግሞ ያሰማል። ይህን የመሰለው አሠራር ሚኒማሊዝም ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ «ማጫወቻው ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደዚያው ጠርጥሬ ነበር። በኋላ ግን ድግግሞሹ የታሪኩ ዋና ክፍል መሆኑን ተረዳሁ፤ ምክንያቱን በስፍራው እናገራለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ዶክተር ፒ የታወቀ ዘፋኝ የነበረና በኋላም የሙዚቃ አስተማሪ የሆነ፥ የተማረና ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነው። ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን እንግዳ ነገር ታየበት። ተማሪው ከፊቱ ቆሞ ዝም ካለ ማን እንደ ሆነ አያውቀውም፤ ተማሪው አንድ ቃል ሲናገር ግን ወዲያው ይለየዋል። በመንገድ ዳር የቆሙትን የውሃ ቧንቧዎች ልጆች እየመሰሉት ራሳቸውን ይዳብሳል። ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ይሥቃሉ፤ እርሱም አብሮ ይሥቃል። በመጨረሻ ወደ ዓይን ሐኪም ቢሄድ፥ ዓይኖቹ ጤነኞች መሆናቸው ተነግሮት፥ ችግሩ ከአንጎል ስለሚሆን ወደ ነርቭ ሐኪም ሄደ።

የነርቭ ሐኪሙ ባወለቀለት ጫማ ጊዜ፥ ዶክተር ፒ እግሩን ከጫማው መለየት አቃተው። ምርመራው ያለቀ ስለ መሰለው ባርኔጣውን ለማንሣት እጁን ዘርግቶ የሚስቱን ራስ ያዘና ወደ ራሱ ሊያደርገው ሳበ። እኛን ያሳቀን ርእስ የተገኘው ከዚህ ነው። በመድረኩ ላይ ግን ወይዘሮ ፒ አትጮኽም፥ አታለቅስምም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም የደረሰባት ትመስላለች። የክፍላችን ሳቅ የተቋረጠው በዚህ ስፍራ ነው።

ሐኪሙ ሌላ ቀን ወደ ቤቱ ሄዶ በብዙ መንገድ ፈተነው። ጓንት አሳየው። ዶክተር ፒ ጓንቱን አገላብጦ ካየ በኋላ፥ ወደ ውስጥ የታጠፈና አምስት ከረጢት መሳይ ነገሮች ያሉት ወጥ ነገር መሆኑን በጥንቃቄ ገለጸ፤ ምናልባት የልዩ ልዩ ሳንቲሞች መያዣ ይሆናል ብሎም ገመተ። ጓንት መሆኑን ግን አላወቀም። ጽጌረዳ ሲሰጠው ቀዩን ጥቅልልና አረንጓዴውን ዘንግ ነጥሎ ተናገረ፤ አሽትተው ሲባል ግን ፊቱ በራና ጽጌረዳ መሆኑን በአንድ ጊዜ ተናገረ። ከፎቶግራፎች መካከል አይንስታይንን ለየው፤ የለየው ግን በጠጕሩና በጢሙ ነው። የቤተ ዘመዶቹን ፊት አንድ ልዩ ምልክት ካላገኘበት አላወቀውም። ይሁን እንጂ የቼዝ ሰሌዳውን በሐሳቡ ይዞ ሲጫወት ሐኪሙን አሸነፈው። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሰውየው ሞኝ እንዳልሆነ፥ ዕውርም እንዳልሆነ ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ይህን ለመመለስ የምናይበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የሚያየው ዓይን ነው ብለን እናስባለን። ነገር ግን ዓይን የብርሃንን ምልክት ተቀብሎ በነርቭ አማካይነት የሚልክ መልእክተኛ ነው። መልእክቱ በተለይ የሚደርሰው ከራስ ቅላችን በስተኋላ ወዳለው የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያም በሁለት ታላላቅ ጐዳናዎች ወደ ፊት ይጓዛል። ይህን ሐሳብ አንገርላይደርና ሚሽኪን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 አቅርበውታል። ወደ ላይ የሚወጣው ጐዳና ነገሩ የት እንዳለና እጃችን እንዴት እንደሚደርስበት ያስረዳል። ወደ ታች፥ በጆሮ ግንድ አቅጣጫ የሚሄደው ደግሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ ሰውዬውም ማን እንደ ሆነ ይነግረናል። በ1997 ናንሲ ካንዊሸርና ጓደኞቿ በዚህ በታችኛው ጐዳና ላይ ፊትን ስናይ ከሌላው ነገር ይልቅ የሚነቃ አንድ ትንሽ ስፍራ መኖሩን አሳይተዋል።

እንግዲህ ታችኛው ጐዳና ቢበላሽ ሰው መስመሩን፥ ቀለሙንና ቅርጹን እያየ፥ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሊያጣው ይችላል። ይህ ሕመም አግኖዝያ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «አለማወቅ» ማለት ነው። ስሙንም በ1891 ያወጣለት፥ በኋላ በሌላ ትምህርት የታወቀው ዚግመንድ ፍሮይድ ነው። ፊትን ብቻ ለይቶ አለማወቅ ደግሞ በ1947 ቦዳመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የራሱ ስም ሰጥቶታል። በዚህ ላይ የሚያስደንቀው፥ ዓይንና ጆሮ ወደ ማወቅ የሚደርሱባቸው መንገዶች ልዩ ልዩ መሆናቸው ነው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ዶክተር ፒ ተማሪውን በፊቱ ሳያውቀው በድምፁ ያወቀው ስለዚህ ነው።

አሁን ይህ ታሪክ ለምን በዜማ እንደ ተነገረ መናገር እችላለሁ። ወይዘሮ ፒ ለሐኪሙ እንደ ነገረችው፥ ባለቤቷ ሁሉን ነገር የሚያደርገው እያንጐራጐረ ነው። ሲለብስ የመልበሻ ዜማ፥ ሲታጠብ የመታጠቢያ ዜማ፥ ሲበላ የመብያ ዜማ አለው። ልብሱን ዘወትር በለመደው ቦታ ታኖርለታለች፤ እርሱም እያዜመ ይለብሳል። ነገር ግን በመካከል አንድ ነገር ቢያቋርጠውና ዜማው ቢጠፋበት፥ ልብሱን፥ ምግቡን፥ የገዛ አካሉንም አያውቀውም፤ ፈዝዞ ይቀራል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አንድ ሰው በድንገት «ከነ በፊት የትኛው ፊደል ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ብዙዎቻችን በቀጥታ መመለስ ያቅተናል። በልጅነታችን በተማርነው ዜማ «ሀ ለ ሐ መ» ብለን ከመጀመሪያው ተነሥተን እንወርዳለን፤ ዜማው ራሱ እጃችንን ይዞ «ኀ» ላይ ያደርሰናል። መካከል ላይ ቢያቋርጡን እንደገና ከ«ሀ» መጀመር ግድ ይሆንብናል። በዜማ ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ ቀጣዩን ይጠራል። ዶክተር ፒም ዓይኑ የማያያይዝለትን ዓለም በዜማ ያያይዘው ነበር።

የናይማን ድግግሞሽ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው። ያች ተደጋጋሚ ሐረግ እየዞረች እስካለች ድረስ ሰውየው በእግሩ ይቆማል፤ ስትቋረጥ እኛም አድማጮቹ መሬቱ ከሥራችን የተንሸራተተ ያህል ይሰማናል። ተራ ቴአትር ቢሆን ኖሮ የበሽተኛውን ጉድለት ብቻ በተመለከትን ነበር። ኦፔራ በመሆኑ ግን፥ በመድረኩ ላይ ሐኪሙም ሚስቱም የሚናገሩት በዜማ ስለ ሆነ፥ ሁሉም ዶክተር ፒ በደኅና በሚኖርበት ዓለም ውስጥ ናቸው። በዚያ ዓለም እርሱ የሚያንስ ሰው አይደለም። ደራሲው በዚህ ላይ የጀርመኑን የሮበርት ሹማንን ዘፈኖች አስገብቷል። ከእነርሱም አንዱ ሹማን በ1840 የደረሰው፥ ርእሱ «ቂም አልይዝም» ማለት የሆነው ነው። ዶክተር ፒ ይህን ሲዘፍን ድምፁ ሙሉ ነው፤ የታመመ ሰው መሆኑን እስክንረሳ ድረስ። ሹማን ራሱ አእምሮው ታውኮ በ1856 በአእምሮ ሕሙማን ቤት ውስጥ መሞቱን ሳስብ፥ ዘፈኑ ያለ ምክንያት የተመረጠ አልመሰለኝም።

ከሁሉ ያከራከረን ግን የሥዕሎቹ ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ ዶክተር ፒ በልዩ ልዩ ጊዜ የሣላቸው ሥዕሎች ተሰቅለዋል። የቀደሙት ሁሉ ነገሩን አስመስለው የተሣሉ ናቸው፤ ቀጥለው የመጡት ቅርጻቸው እየተለወጠ ሄዷል፤ የመጨረሻዎቹ መስመርና የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ናቸው። ሐኪሙ ይህን ተመልክቶ የበሽታው ታሪክ በግድግዳ ላይ ተጽፎ አገኘሁ ይላል። ወይዘሮ ፒ ግን ትቈጣለች፤ ባሏ ከማስመሰል ወደ ረቂቅ ሥዕል ያደገ ሠዓሊ መሆኑን፥ ሐኪሙም ጥበብን የማያውቅ መሆኑን ትነግረዋለች። የክፍላችን ተማሪዎች ወዲያው በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንዳንዶቹ እውነቱ የሐኪሙ ነው አሉ፤ ሌሎቹ ፍቅር ያላት ሚስት የምታየውን ሐኪም ሊያይ አይችልም አሉ። ኦፔራው ፍርድ አይሰጥም። እኔም ብዙ ካሰብሁ በኋላ ሁለቱም ያሉት በአንድነት እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። በሽታ ከሰው አንድ ነገር ሲወስድበት፥ ሰውየው በቀረው ነገር መሥራቱን አይተውም። ሐኪሙ የተወሰደውን አየ፤ ሚስቱ የቀረውን አየች።

በመጨረሻም ሐኪሙ የታዘዘለት መድኃኒት አስደናቂ ነው። ከዶክተር ፒ ምን እንደ ተበላሸ ሳይሆን ምን እንደ ደኅና የቀረ ይናገራል፤ ሙዚቃ እስከ አሁን የሕይወቱ መካከል ከነበረ፥ ከእንግዲህ ሕይወቱ በሙሉ ሙዚቃ ይሁን ይላል። ሳክስ እንደ ጻፈው፥ በሽታው ቀስ በቀስ እየባሰ ቢሄድም ሰውየው እስከ መጨረሻ ቀኖቹ ሙዚቃ እያስተማረ ኖረ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሳክስ በ2010 ባሳተመው ጽሑፍ እርሱ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰዎችን ፊት መለየት እንደሚያስቸግረው ገልጧል፤ የገዛ መልኩን በመስታወት አይቶ ሌላ ሰው መስሎት ይቅርታ የጠየቀበት ጊዜም ነበር። ሳክስ በ2015 ሞተ። ሐኪሙም በሽተኛውም በአንድ ጎዳና ላይ ይሄዱ ኖሯል።

ስለ ራሴ ሳቅ ለመናገር የገባሁትን ቃል አሁን እፈጽማለሁ። አያቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ዓመት አልፏል። ምስር ሲለቅሙ አንዲት ጠጠር አታመልጣቸውም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን አንዳንድ ቀን ትኵር ብለው ያዩኝና «የማን ልጅ ነህ?» ይሉኛል፤ ወይም በአጎቴ ስም ይጠሩኛል። ታናናሾቼ ይሥቃሉ፤ ጎረቤቶችም «ጃጅተዋል» ይላሉ። እኔ ደግሞ እናደድ ነበር። «እማማ፥ ትናንት ማታ አብረን እራት በልተን ዛሬ ጠፋሁብዎ?» እላቸው ነበር። እርሳቸውም አፍረው ወደ ሰፌዳቸው ያቀረቅሩ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኦፔራውን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ልማዴን ለውጫለሁ። በር ላይ ሳለሁ፥ ገና ፊቴን ሳያዩ፥ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እማማ፥ እንደምን ዋሉ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ «መጣህ ልጄ?» ብለው ይቀበሉኛል፤ ስሜንም አይስቱም። አንዳንድ ቀን ግን ድምፄም አይበቃም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የእርሳቸው ሕመም ከዶክተር ፒ ሕመም ጋር አንድ ነው ለማለት አልደፍርም። ለአባቴ ነግሬው ወደ ሐኪም ሊወስዳቸው ተስማምቷል። ያ እስኪሆን ግን እኔ የምችለው ነገር አለ፤ እርሱም በተዘጋው በር ቆሜ ከመጮኽ ይልቅ በተከፈተው መግባት ነው።

ውድ አንባብያን፥ በየቤታችን ስም የሚሳሳቱ፥ መንገድ የሚጠፋባቸው፥ የያዙትን ዕቃ የሚረሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። ስሕተታቸው አንዳንድ ጊዜ በእውነት ያስቃል፤ እኛም ልጆች ነንና እንሥቃለን። ነገር ግን ሳቃችን ሲያበቃ፥ አስተማሪያችን እንዳሉት፥ ዝም ብለን እንስማ። ከጎደለው ነገር ሌላ የቀረውን እንፈልግ። ዛሬ ማታም ይህን መጽሔት ይዤ ስገባ በመጀመሪያ የማደርገው በሩ ላይ ቆሜ እንደ ወትሮው ሰላምታዬን ማሰማት ነው።